ሃምፒ ምንድን ነው?

የህንድ 50 ሩፒ እጃችሁ ከገባ ገልብጣችሁ እዩት። በአዲሱ ኖት ጀርባ ላይ የድንጋይ ሰረገላ አለ። እሱ ሰረገላ ያለው ሃምፒ ነው።

ሃምፒ ዛሬ በደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ግዛት፣ ቱንጋባድራ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ስሟ የመጣው ከፓምፓ ነው፤ ፓምፓ የወንዙም የአካባቢው እንስት አምላክም ጥንታዊ ስም ነው። በአገሬው ቋንቋ የድሮው "ፐ" በጊዜ ብዛት "ሀ" እየሆነ ሄዷል፤ ፓምፓም ሃምፒ ሆና ቀረች።

ሰው "ሃምፒ ሄድኩ" ሲል ግን የሚያወራው ስለ መንደሯ ብቻ አይደለም። በቋጥኞቹ መሀል ስለተበተነው ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሹ የቪጃያናጋራ ነው፣ "የድል ከተማ" ማለት ነው። በ1336 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሃሪሃራና ቡካ የሚባሉ ወንድማማቾች የመሠረቱት የሂንዱ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በ1520 ገደማ ያያት ዶሚንጎ ፓይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሮምን ታክላለች ብሎ ጽፏል። ገበያዋ ውስጥ አልማዝና ዕንቁ ይሸጥ ነበር።

ከዚያ 1565 መጣ። ዴካን በሚባለው የህንድ አምባ ላይ የነበሩ አራት ሱልጣኔቶች (የሙስሊም መንግሥታት) ተባብረው የቪጃያናጋራን ጦር ታሊኮታ በሚባለው ጦርነት ድል መቱት። መንግሥቱን በእጁ ያደረገው ራማ ራያ ተማርኮ አንገቱ ተቀላ። ወንድሙ ቲሩማላ ግምጃ ቤቱን በዝሆን ጭኖ ፔኑኮንዳ ወደሚባል ምሽግ ሸሸ። ያለ ጠባቂ የቀረችው ከተማ ለወራት ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ነገሩን የሃይማኖት ጦርነት አድርጎ ማውራት ይቀላል። ግን ራማ ራያ ራሱ ለዓመታት ሱልጣኖቹን እርስ በርስ ሲያናክስ የኖረ ሰው ነው፣ ጦሩ ውስጥም ሙስሊም አዛዦች ነበሩ። (በነገራችን ላይ ከአራቱ አንዷን፣ አህመድናጋርን፣ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በተግባር የመራት ማሊክ አምባር የኢትዮጵያ ተወላጅ ነበር። የሱ ታሪክ ሌላ ቀን።)

የሚጎበኝ ሰው ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሃምፒ ውስጥ ባዶ የቀረ ቤተ መቅደስም አለ፣ ዛሬም የሚጸለይበትም አለ።

የቪታላ ቤተ መቅደስ ባዶ ነው። ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ የተሠራ ነው፣ አሁን ግን የሚያገለግልበት ካህን የለም። ብሩ ላይ ያለው ሰረገላ እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሲያዩት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ከተገጣጠመ ግራናይት ነው። ሰረገላ መምሰሉም ለጌጥ አይደለም፤ ቪሽኑን ተሸክሞ ለሚበረው ለጋሩዳ የተሠራ መቅደስ ነው። ፊት ለፊቱ ሁለት ዝሆኖች አሉ። ጠጋ ብላችሁ ከዝሆኖቹ ኋላ እዩ፤ የፈረስ የኋላ እግሮች ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ሰረገላውን የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ ማለት ነው። እዚያው ያሉት ቀጫጭን ምሰሶዎች ሲመቱ የሙዚቃ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሰው ሁሉ እየደበደበ ስለጎዳቸው መንካት ተከልክሏል። እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ።

የቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስ ግን ሌላ ነው። ለሌላው ትልቅ የሂንዱ አምላክ ለሺቫ ነው፣ ከተማዋ ከመቆርቆሯም በፊት እዚያ ነበር፣ ከጥፋቱም ተርፏል። ጠዋት ደወል ይሰማል፣ አበባ ይሸጣል፣ ዝንጀሮ ምግብ ይነጥቃል። ጫማ ይወለቃል፤ ይኸ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ግን ድንጋዩ ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል፣ ስለዚህ በጠዋት ሂዱ።

በሩ ላይ ያለው ባለ ብዙ ደርብ ግንብ ጎፑራም ይባላል፣ ቁመቱ ወደ 50 ሜትር ነው። እሱን ከውጭ ካያችሁት በኋላ ከመቅደሱ ኋላ ወዳለችው ጨለማ ክፍል ግቡ። ግድግዳው ላይ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ያ ሁሉ ግንብ ጫፉ ወደ ታች፣ መሠረቱ ወደ ላይ ሆኖ ተዘቅዝቆ ይታያል። ካሜራ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ሌንስ ግን የለውም።