ሩት ካናል ስፔሻሊስት ከጄኔራል ዴንቲስት በምን ይለያል

ሩት ካናል ስፔሻሊስት፣ በሙያ ስሙ ኢንዶዶንቲስት፣ ማለት ሥራው የጥርስ ውስጥ ብቻ የሆነ የጥርስ ሐኪም ነው። ነርቩና ደም ስሩ ያለበት ፐልፕ የሚባለው ለስላሳ ክፍል፣ እስከ ስሩ ጫፍ የሚወርዱት ካናል የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎችና ጫፉ ዙሪያ ያለው አጥንት ላይ ነው የሚሰራው። ሩት ካናል የሚባለው ሕክምና የታመመውን ፐልፕ አውጥቶ ካናሎቹን አጽድቶ መሙላት ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፣ ኢንዶ ውስጥ፣ ኦዶንት ጥርስ። እዚህ በብዛት የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፣ የሙያው ታሪክ በደንብ የተጻፈው እዛ ስለሆነና እዛ ያለው አበሻም ዴንቲስቱ "ስፔሻሊስት ጋ ልላክህ" ሲለው ብዙ ጊዜ ግራ ስለሚገባው።

ሁለቱም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የጨረሱ ናቸው። ጄኔራሉ ያጸዳል፣ ይሞላል፣ ይነቅላል፣ ክራውን የሚባለውን የጥርስ ሽፋን ያስገባል፣ ሩት ካናልም መስራት ይችላል፣ ሕግ አይከለክለውም። ኢንዶዶንቲስቱ ግን ከዛ በላይ 2 ወይም 3 ዓመት ተምሮ ሌላውን ሥራ ትቶ እዚህ ላይ ብቻ ይቀመጣል። የአሜሪካ ኢንዶዶንቲስቶች ማኅበር እንደሚለው ስፔሻሊስቶቹ ከሀገሪቱ ዴንቲስቶች 3% እንኳ አይሞሉም፣ በሳምንት ግን በአማካይ 25 ገደማ ሩት ካናል ይሰራሉ፣ ጄኔራሉ 2 ገደማ። ቁጥሩ የማኅበሩ የራሱ ነው፣ ቢሆንም እጅ የሚለምደው በድግግሞሽ ነው።

ታሪኩ ሲጀምር በ1838 ኤድዋርድ ሜናርድ የተባለ ዴንቲስት የሰዓት ስፕሪንግ ሞርዶ የካናል መሣሪያ ሰራ፣ በ1864 ደግሞ ሳንፎርድ ባርነም የተባለ ሌላ ዴንቲስት ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን ስስ ላስቲክ አመጣ። ትልቁ ፈተና የመጣው በ1910 ነው። ዊሊያም ሀንተር የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ላይ ንግግር አድርጎ በወርቅ የተሸፈኑ የቆሸሹ ጥርሶች ሰውነትን እንደሚመርዙ ተናገረ፣ ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ነርቩ የሞተ ጥርስ ሁሉ ይነቀል የሚል አስተሳሰብ ነገሰና ስንት ሊድን የሚችል ጥርስ ተነቀለ። ጥርስን ማዳን ይቻላል ብለው የጸኑት ጥቂት ዴንቲስቶች በ1943 ቺካጎ ላይ ማኅበራቸውን መሰረቱ፣ በ1963 ሙያው እንደ ስፔሻሊቲ እውቅና አገኘ። በ1965 ደግሞ ካኬሃሺ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የአይጦችን ጥርስ እስከ ፐልፑ ከፍተው አዩ፣ ባክቴሪያ ጭራሽ በሌለበት ያደጉት ፐልፓቸው ሲድን የሌሎቹ ሞተ። ጠላቱ ባክቴሪያ መሆኑ በዚህ ታወቀ፣ ላስቲኩ ሳይደረግ ሩት ካናል መሰራት የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው መንጋጋ ጥርስ ላይ ነው። የላይኛው የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ 3 ስር እያለው ብዙ ጊዜ 4 ካናል ይኖረዋል፣ አራተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነና የተደበቀ ነው፣ እሱ ከተዘለለ ባክቴሪያው ውስጥ ይቀርና ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሊያመረቅዝ ይችላል። ስፔሻሊስቱ የሚፈልገው በማይክሮስኮፕ ነው፣ ሲያስፈልግም ሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ስካን ያነሳል። ረዳት ሆኜ በምሰራበት ክፍል ያቺ ካናል ስትገኝ ዶክተሩም እኔም ደስ ይለናል። ቀድሞ ተሰርቶ የከሸፈውን ከፍቶ እንደገና መስራት፣ ካልሆነም ድዱን ከፍቶ የስሩን ጫፍ መቁረጥ በአብዛኛው የስፔሻሊስት ሥራ ነው።

ጄኔራል ዴንቲስት የሰራው ይበላሻል ማለት አይደለም። ቀጥ ያለ አንድ ካናል ያለውን የፊት ጥርስ ጎበዝ ጄኔራል በደንብ ይሰራዋል፣ ውጤታቸው በምን ያህል ይለያያል የሚለው ላይም ጥናቶቹ አንድ አይነት አይናገሩም። ስሩ የተጣመመ መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ግን ስፔሻሊስት ጋ መሄድ ነው።

ስፔሻሊስቱ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ በጊዜያዊ መሙያ ዘግቶ ወደ ዴንቲስትህ ይመልስሃል፣ ክራውኑን የሚያስገባው እሱ ነው፣ ሂሳቡም ለየብቻ ነው። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ክራውኑን ሳያስገቡ ወራት የሚቆዩ አሉ፣ ጊዜያዊው መሙያ ያፈስና ባክቴሪያ ይመለሳል፣ ወይ ጥርሱ ለሁለት ይሰነጠቅና መነቀሉ ግድ ይሆናል።