ፖሊስ መቼ ይጠብቃል፣ መቼ ይገባል?

ሐዋሳ ግሩፓችን ላይ ይሄ ጥያቄ እየተመላለሰ ስለሆነ ልጻፈው፣ "መሳሪያ የያዘ ሰው በር ዘግቶ ሲቀመጥ ፖሊስ ለምን ከቦ ይቆማል?" ዋናው ነገር በሩ ሳይሆን ውስጥ ምን እየሆነ ነው የሚለው ነው። ታቦር ተራራ ስር አንዱ ሽጉጥ ይዞ ብቻውን ክፍሉን ቢቆልፍ መጠበቁ ይጠቅማል፣ ጎረቤት ይወጣል፣ ሰውየው በስልክ ይለመናል፣ ይደክመዋልም። ሰው ላይ እየተኮሰ ከሆነ ወይም ውስጥ የተመታ ሰው ደም እየፈሰሰው ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፣ መግባት ነው።

አሜሪካኖቹ ይሄን የተማሩት በ1999 እ.ኤ.አ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ነው፣ ልዩ ሃይል እየተጠበቀ አንድ የተመታ መምህር ለሰዓታት ደሙ ፈሶ ሞተ። ከዛ በኋላ ስልጠናው ተቀየረ፣ ቀድሞ የደረሰ ፖሊስ ይግባ ተባለ። በ2022 እ.ኤ.አ ቴክሳስ ዩቫልዲ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ የከፈተውን ገዳይ ግን ፖሊሶቹ "በር ዘግቶ የተቀመጠ" አርገው ቆጥረውት ገብተው እስኪያስቆሙት 77 ደቂቃ ፈጀ፣ ልጆች ከውስጥ ፖሊስ ላኩልን እያሉ እየደወሉ! 19 ተማሪና 2 መምህራን ሞቱ፣ ሁሉም በመዘግየቱ ነው አይባልም፣ ግን የነዛ ልጆች ስልክ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስንት ሆነው ይገባሉ፣ ማን ያዛል የሚለው እንደየአገሩ ይለያያል።