በአሜሪካ እግር ኳስ ለማሸነፍ የሚበጀው ሩጫ ነው ወይስ ውርወራ?

በአሜሪካ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ (ኤንኤፍኤል) አጥቂው ቡድን ሜዳውን የሚገፋው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ አንድ ተጫዋች ኳሱን ታቅፎ ይሮጣል፣ ወይ ኳርተርባክ የሚባለው መሪ ተጫዋች ወደፊት ለሮጠ ጓደኛው ይወረውርለታል። ቡድኑ በ4 ሙከራ 10 ያርድ (9 ሜትር ያህል) ካልገፋ ኳሱን ለተጋጣሚው ስለሚያስረክብ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር የስፖርቱን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል።

ኳስን ወደፊት መወርወር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1906፣ ሊጉ ከመመሥረቱ 14 ዓመት ቀደም ብሎ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ ሩጫ ለረጅም ጊዜ ዋናው መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። በጥር 1974 በተካሄደው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ማያሚ ሚኒሶታን 24 ለ 7 ሲረታ፣ ኳርተርባኩ ቦብ ግሪሲ በጨዋታው ሙሉ የወረወረው 7 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሯጩ ላሪ ዞንካ ግን 33 ጊዜ ሮጦ 145 ያርድ አስመዝግቧል። ሚዛኑን ያዛባው የ1978ቱ የሕግ ማሻሻያ ነው፤ ተከላካዮች ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር 5 ያርድ ያለፈን ተቀባይ እንዳይገፉ ተከለከሉ፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቁ የመስመር ተጫዋቾችም ክንዳቸውን ዘርግተው በመዳፍ እንዲመክቱ ተፈቀደላቸው። አሠልጣኝ ቢል ዋልሽ በሳንፍራንሲስኮ የአጭር ውርወራ ሥልቱን ለድል ያበቃው በዚህ አዲስ ሕግ ዘመን ነው።

አሸናፊ ቡድኖች ከተሸናፊዎች ይበልጥ እንደሚሮጡ የጨዋታ መዝገቦች ያሳያሉ፤ ብዙ ተንታኞችም ከዚህ ተነሥተው ሩጫ ድል ያመጣል ብለው ደምድመዋል። ድምዳሜው ግን መንሥኤንና ውጤትን ያቀያየረ ይመስላል። ተቀባዩ ያልያዘው ውርወራ ሰዓቱን ያስቆማል፤ ሜዳ ውስጥ የተጣለ ሯጭ ግን ሰዓቱ እንዲቆጥር ይተወዋል። ስለዚህ በውጤት የቀደመ ቡድን ጊዜ ለመግደል ይሮጣል፣ ወደኋላ የቀረው ደግሞ ለመድረስ ይወረውራል። በዚሁ ምክንያት የውርወራ ድምር ያርድም ያሳስታል፤ ይበልጥ የሚታመነው በአንድ ውርወራ የሚገኘው አማካይ ያርድና በተጋጣሚ የተጠለፉ ኳሶች ቁጥር ነው። አንድ ሩጫ በአማካይ ከ4 ያርድ ጥቂት ከፍ ሲል አንድ ውርወራ ወደ 7 ይጠጋል፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

እስከ 2024 ድረስ በአንድ መደበኛ የውድድር ዘመን 2,000 ያርድና ከዚያ በላይ የሮጡት 9 ተጫዋቾች ናቸው። ባሪ ሳንደርስን፣ ኤሪክ ዲከርሰንንና ዴሪክ ሄንሪን ጨምሮ የሰባቱ ቡድኖች በዚያው ዓመት አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አላሸነፉም። ዋንጫ ያነሡት የ1998ቱ ቴሬል ዴቪስና የ2024ቱ ሴክዋን ባርክሊ ብቻ ናቸው። የባርክሊ ፍጻሜ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው፤ ካንሳስ ሲቲ እሱን ለማፈን ተረባርቦ በ25 ሩጫ 57 ያርድ ላይ ቢገታውም፣ ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ከ22 ውርወራ 17ቱን አሳክቶ ቡድናቸው ፊላደልፊያ 40 ለ 22 አሸንፏል። የሯጩ ጥቅም እዚህ ላይ በያርዱ ሳይሆን በሳበው የተከላካይ ብዛት ይለካል። በውርወራም ቢሆን ክብረ ወሰን ዋስትና አይደለም፤ ዳን ማሪኖ በ1984፣ ፔይተን ማኒንግ በ2013 ከ5,000 ያርድ በላይ ወርውረው በፍጻሜው ተሸንፈዋል፤ ይህን አድርጎ በዚያው ዓመት ዋንጫ ያነሣው የመጀመሪያው ኳርተርባክ የ2022ቱ ፓትሪክ ማሆምስ ነው።

ሩጫ ተመራጭነቱን የሚያስከብረው አጭር ርቀት ሲቀር ነው። በየካቲት 2015 የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ሲያትል ከግቡ 1 ያርድ ላይ፣ 26 ሰከንድ ያህል ሲቀረው፣ ብርቱውን ሯጭ ማርሾን ሊንችን ትቶ ወረወረ፤ የተጋጣሚው ተከላካይ ማልኮም በትለር ጠለፈውና ኒው ኢንግላንድ 28 ለ 24 አሸነፈ። ውሳኔው ዛሬም ይወገዛል። ሆኖም ሲያትል በእጁ የቀረው ሰዓት የሚያስቆም አንድ የዕረፍት ጥሪ ብቻ ስለነበር፣ የከሸፈ ውርወራ ሰዓቱን በነጻ አስቁሞ ለሁለት ተጨማሪ ሙከራ ጊዜ ይተውለት ነበር።