ከአንቲባዮቲክ በፊት የሚደረግ የማይክሮባዮሎጂ ምርመራ በሆስፒታሎች

በሆስፒታል የሚታከም ሰው የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ከመውሰዱ በፊት ደም፣ ሽንት፣ አክታ፣ መግል ወይም የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ተወስዶ፣ ለሕመሙ መንስኤ የሆነው ጀርም የሚለይበትና የሚያጠፋው መድኃኒት የሚታወቅበት አሠራር የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ዋነኛ አገልግሎት ነው። ባክቴሪያን በቀለም የመለየቱን ዘዴ ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 አስተዋወቀ፤ መድኃኒት በተነከሩ ክብ ወረቀቶች የሚደረገው የተጋላጭነት ምርመራ (ጀርሙን የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚያሳየው) ደግሞ በ1966 በባወር፣ በኪርቢና በባልደረቦቻቸው ወጥ ሥርዓት ተበጀለት።

ከናሙናዎቹ ሁሉ በስፋት የተጠናው የደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙን ምግብ ባለው ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ጀርሙን የማብቀል ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ከባድ የሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የአካል ክፍሎች የሚጎዱበት አደገኛ ሕመም) ምልክት ያለባቸውን 325 ሕሙማን ያካተተ ጥናት፣ ከአንቲባዮቲክ በፊት በተቀዳ ደም በ31.4 በመቶዎቹ ላይ ጀርም ሲያገኝ፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በነዚሁ ሰዎች ላይ በተደገመው ምርመራ ግን ያገኘው በ19.4 በመቶዎቹ ብቻ ነው። ያመለጠውን ጀርም ላቦራቶሪው የቱንም ያህል ቢተጋ መልሶ ሊያገኘው አይችልም። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም መግባት፣ ደሙም ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀዳት ይኖርበታል። ከአንድ ቦታ ብቻ ሲቀዳ፣ የበቀለው የቆዳ ባክቴሪያ ከመርፌው ጋር የገባ ብክለት ይሁን እውነተኛ ኢንፌክሽን ለመለየት ያስቸግራል። ቆዳው በአልኮል በተበጠበጠ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ጸድቶ እስኪደርቅ መጠበቅና የጠርሙሱን ክዳን ጭምር በአልኮል መጥረግ ብክለቱን ለረጅም ጊዜ እንደ መለኪያ ከሚያገለግለው 3 በመቶ በታች ለማውረድ ይረዳል፤ ይህም ከማሽን ይልቅ የነርሷን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ምርመራው ሕክምናን ያዘገያል የሚል ስጋት ይነሳል። ደም መቅዳት የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ ስጋቱ ለደም ካልቸር እምብዛም አይሠራም፤ የሴፕሲስ መመሪያዎችም ናሙናው ሕክምናውን ከ45 ደቂቃ በላይ እስካላዘገየ ድረስ አስቀድሞ እንዲወሰድ ይመክራሉ። በማጅራት ገትር ግን፣ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳቱ የሚዘገይ ከሆነ ደም ተወስዶ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል።

ሽንት ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ሲኖርበት፣ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ግን ለባክቴሪያ ካልቸር ሲላክ ቅዝቃዜ አይስማማውም። ምራቅ የበዛበት አክታ ሊያሳስት ስለሚችል ላቦራቶሪው ሌላ ናሙና ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የጀርሙን ዓይነት በደቂቃዎች የሚለየው ማልዲ ቶፍ የተባለው መሣሪያ ሥራውን በእጅጉ አፋጥኗል፤ ሆኖም መሣሪያው በአብዛኛው የሚሠራው ካልቸሩ በቅሎ ካለቀ በኋላ ነው። በመሆኑም ሌሊት የተቀዳ ጠርሙስ ወደ ማብቀያ መሣሪያው ሳይገባ እስኪነጋ በክፍል ሙቀት ከቆየ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው። ጀርም ከበቀለበት ጠርሙስ የተገኘው የግራም ቀለም ውጤት ለሐኪሙ ወዲያው በስልክ ይነገራል፤ የተጋላጭነቱ ውጤት ሲደርስም ሰፊ ኃይል ባለው መድኃኒት የተጀመረው ሕክምና ያንኑ ጀርም ብቻ ወደሚያጠቃ ጠባብ መድኃኒት ይቀየራል።