ላሊበላን በእግር፦ እየሰማሁ የሰለቹኝ ስህተቶች

አስጎብኚ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ላሊበላ ነው። ከአለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ በነዚያ ቦዮችና ዋሻዎች ውስጥ እንግዳ ይዤ ስመላለስ ዓመታት አለፉ። ጥያቄ አይሰለቸኝም። የሚሰለቸኝ ሰው መልሱን ከቤቱ ይዞ ሲመጣ ነው፤ ያውም የተሳሳተውን።

ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«ድንጋዩን ከየት አምጥተው ገነቡት?» ከየትም አላመጡም። አለቱ እዚያው ነበር። ዙሪያውን ቆፍረው ለዩት፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ወረዱ። እዚህ ጣሪያ ይቀድማል፣ ወለል ይከተላል።

«ሁሉም እንደ ጊዮርጊስ ነው።» አይደለም። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በአራቱም ጎን ከአለቱ ተለይተው የቆሙት መድኃኔዓለም፣ ማርያም፣ አማኑኤልና ጊዮርጊስ ናቸው። አባ ሊባኖስ ጎኑ ተፈልቅቆ አናቱ ከአለቱ ጋር እንደተያያዘ ነው።

«መላእክት በአንድ ሌሊት ሠሩት።» በእምነቱ አልከራከርም፣ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን ትውፊቱን በደንብ እንስማው። ሰዎች ቀን ሲሠሩ መላእክት አብረው ይሠሩ ነበር፣ ሌሊት ደግሞ ሥራውን እጥፍ አድርገው ያድሩ ነበር ነው የሚለው። የሰው እጅ ከታሪኩ አልወጣም። የአንድ ሌሊቱ ታሪክ የሚነገረው ለአንዱ፣ ለአባ ሊባኖስ ነው። የንጉሡ ሚስት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ አሠራችው ይባላል።

«ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሠሩ።» የአለቱን አቆራረጥ ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደዚያ አይሉም። ቦታው በተለያየ ዘመን ተቆርጧል፣ ተቀይሯል። ገብርኤል ወሩፋኤል በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፣ ቤተ መንግሥት ወይም ምሽግ ነበር የሚሉም አሉ። ይህ የንጉሥ ላሊበላን ስም አያሳንስም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ይህንማ ፈረንጅ ነው የሠራው።»

የውጭ ሰው ቢለው ባልገረመኝ። የሚለው ግን የገዛ ወገኔ ነው። ባለፈው የገና ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ገና መድኃኔዓለም ፊት እንደቆምን «ወንድሜ፣ እውነቱን እናውራ፣ እኛ ይህን መሥራት እንችላለን?» አለኝ። ኢየሩሳሌም በ1187 እ.ኤ.አ. በሳላሃዲን እጅ ስትወድቅ የሸሹ የመስቀል ጦረኞች መጥተው ሠሩት የሚል ቪዲዮ አይቶ ኖሯል። ወሬው ራሱ ያረጀ ነው። በ1520ዎቹ ላሊበላን ያየው ፖርቹጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነጮች ሠሩት ሲባል መስማቱን ጽፏል። ያየሁትን ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ የሰጋውም እሱ ነው።

አልተከራከርኩትም። ይዤው ወደ አማኑኤል ሄድኩ። «ግድግዳውን ጠጋ ብለህ እየው» አልኩት። ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ግን አንዱ እርከን ወጣ፣ አንዱ ገባ እያለ ከታች እስከ ላይ ይደርሳል። መስኮቶቹ ማዕዘናቸው ላይ አራት ማዕዘን ጉጦች አሏቸው። ለምን? በአክሱም ዘመን ግድግዳ የሚሠራው በድንጋይና በእንጨት እያፈራረቁ ነበር። የአግዳሚው እንጨት ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። አማኑኤል ግን አንድ ወጥ አለት ነው። እንጨት አያስፈልገውም። ጠራቢው ግን የእንጨቱን ቤት መልክ በድንጋዩ ላይ አወጣው፤ ቤት ማለት ለሱ እንደዚያ ነበርና። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የአክሱምን አናጢ ሥራ ለምን ብሎ ይቀርጻል?

ወጣቱ ጉጡን በጣቱ ሲነካካ ቆየ። በማግስቱ ይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። እናንተም ሂዱ። ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛግዌው ንጉሥ ያሠራው ነው፣ ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ እንጨቱ እውነተኛ እንጨት ነው። ጥቁር የእንጨት መስመር፣ ነጭ የኖራ መስመር፣ እንደገና እንጨት። ሁለቱን በተከታታይ ቀን ያየ ሰው ስለ መስቀል ጦረኛ ዳግመኛ አያወራኝም።

ሌላው «ጊዮርጊስን ካየን በቃ» የሚሉት ነው። በመኪና ይመጣሉ፣ ከላይ ሆነው ፎቶ ይነሳሉ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሄዳሉ። ጊዮርጊስ ውብ ነው፣ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ትልቁ ግን እሱ አይደለም፣ መድኃኔዓለም ነው፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ያልፋል። ደግሞ ይህ ቦታ የእግር ነው። ቦዩ፣ ዋሻው፣ ደረጃው የሥራው አካል ነው። ሲኦል በሚሉት ጨለማ መተላለፊያ ግድግዳ እየዳሰሱ ሄዶ ብርሃን ላይ መውጣት በመኪና መስኮት አይታይም።

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት የአንዲት እናት ነው። ከወረኢሉ ለመሳለም የመጡ፣ ጫማቸውን በእጃቸው የያዙ አሮጊት ነበሩ። ቦዩ ውስጥ ቆመው ወደ ላይ አዩና «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አፈር የት አደረሱት?» አሉኝ። «እማማ፣ ተመራማሪም የጠየቀው ይህንኑ ነው» አልኳቸው። ፍርስራሹ ጠፋ ሲባል ኖሯል። አልጠፋም። እዚያው ግቢው አካባቢ ተከምሮ፣ ሣር ለብሶ ኮረብታ መስሏል። ሰው ቆሞበት ፎቶ ይነሳል። እማማ ዞር ብለው ኮረብታውን አዩት፣ አማተቡ፣ «ተሸክመው ነዋ!» አሉ።

እንግዲህ ስትመጡ ሁለት ቀን ያዙ። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አትሩጡ፣ ትንፋሽ ያጥራል። በየበሩ ጫማ ይወልቃል፤ የሚታሰር ጫማ አታድርጉ፣ ወፍራም ካልሲ ያዙ። ገና ካልሆነ አይታይም የሚሏችሁን አትስሙ። ታኅሣሥ 29 በማርያም ግቢ፣ ማሜ ጋራ ላይ «ቤዛ ኩሉ» የሚለው የገና ዝማሬ ሲባል መስማት ሌላ ነገር ነው፣ ግን ያን ቀን ግድግዳ ጠጋ ብሎ ማየት አይቻልም፣ ሕዝቡ ጢም ብሎ ነው። በአዘቦት ቀን በማለዳ ማርያም ለኪዳን ድረሱ። ከዚያ ማርያምና መድኃኔዓለም ያሉበትን የመጀመሪያውን ምድብ ጨርሱ፣ ዮርዳኖስ የሚባለውን ቦይ ተሻግራችሁ ወደ አማኑኤል እለፉ። ጊዮርጊስን ለመጨረሻ አቆዩት። ወደ እሱ ስትወርዱ እጃችሁን የቦዩ ግድግዳ ላይ አሳርፉ። የመሮው ጭረት አሁንም ይዳሰሳል።