የድረ ገጽ ካርታ ለከተማ አስተዳደር፦ አሠራሩ፣ ጣጣውና ዕድሜው

ከተማ አስተዳደር በየቀኑ ከሚወስነው ውስጥ አብዛኛው «የት?» የሚል ጥያቄ አለበት። የግንባታ ፈቃድ የተጠየቀበት ቦታ የት ነው? የውሃ መስመሩ በየት በኩል አለፈ? ግብር ያልተከፈለበት ይዞታ የቱ ነው? መልሱ አለ፣ ግን ተበታትኗል። ግማሹ ማህደር ክፍል ውስጥ በወረቀት፣ ግማሹ በአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ላይ፣ የቀረው ደግሞ ሰፈሩን ጠንቅቀው በሚያውቁ ነባር ሠራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ካርታ ላይ ሰብስቦ፣ የሚመለከተው ሰው ከቢሮው ኮምፒውተር ወይም ከስልኩ ከፍቶ እንዲያየውና እንዲያስተካክለው የሚያደርግ ሥርዓት ነው የድረ ገጽ ካርታ የምንለው። የቆመውም በጂአይኤስ ላይ ነው፤ ይህም የቦታ መረጃን ከካርታ ጋር አያይዞ በኮምፒውተር የሚይዝና የሚተነትን ሥርዓት ነው።

ጂአይኤስ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ሮጀር ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለካናዳ መንግሥት የመሬት ሀብት ቆጠራ የሠራው ሥርዓት የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ዛሬ በዘርፉ ትልቁ ኩባንያ የሆነው ኢስሪ በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ካርታው ወደ ድረ ገጽ የወጣው ግን ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ካርታን በድረ ገጽ የሚያቀርበውን ማፕሰርቨርን ሠራ፣ በ2001 የካርታ መረጃ የሚከማችበት ፖስትጂአይኤስ መጣ፣ በ2005 ደግሞ ጉግል ማፕስ ሲከፈት ሰዉ ካርታን በመዳፊት እየጎተተ ማየት ለመደ። ከዚያ ወዲህ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ሰውም ከመንግሥት ካርታ ያንኑ ቅልጥፍና መጠበቅ ጀመረ።

ውስጡን ስናየው ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። መረጃው የሚቀመጥበት ቋት አለ፣ ብዙ ጊዜ ፖስትጂአይኤስ ነው። ከቋቱ ወስዶ በካርታ መልክ የሚያቀርብ ሰርቨር አለ፣ ለምሳሌ ጂኦሰርቨር። ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ የሚሠሩት ደግሞ እንደ ኦፕንሌየርስ ያሉ ወይም ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሊፍሌት ዓይነት ነጻ ኮዶች ናቸው። መረጃው በንብርብር ይደረደራል። ከታች የአየር ፎቶ፣ በላዩ የይዞታ ወሰን፣ ከዚያ መንገድ፣ የውሃ ቧንቧ፣ መብራት፣ ከላይ ደግሞ የከተማው ፕላን። ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው ያለው። ለመንገድ ተከልሎ በተያዘ ቦታ ላይ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ ሁለቱን ንብርብር አንድ ላይ ያየ ባለሙያ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሁለት ቢሮ ውስጥ ሁለት ወረቀት ላይ ካለ ግን ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ይሆናል የሚታወቀው።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ነገር በተግባር ያውቁታል። ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው የካውንቲውን (የአካባቢ አስተዳደሩን) ካርታ ከፍቶ ግቢውን ሲነካው የቦታው ስፋት፣ ለግብር የተገመተው ዋጋ፣ ቦታው የተመደበበት አገልግሎት ይወጣለታል። የጎርፍ ስጋት ያለበትን ቀጠና የሚያሳዩም ብዙ ናቸው። ይህ የሆነው ካውንቲዎቹ ቴክኖሎጂ ስለሚወዱ አይመስለኝም። የአካባቢ መንግሥታቱ ከሚሰበስቡት ግብር ትልቁ የንብረት ግብር ነው፤ ካርታው ከተሳሳተ ገንዘቡ ይጎድላል። ስለዚህ ካርታውን በየጊዜው የሚያድስ ሰው ተቀጥሮለታል፣ በጀትም አለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መነሻው ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚመዘገበው የመጠቀም መብት ነው። ለከተሞች መሠረቱን የጣለው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ነው። ምዝገባው ሰፈር በሰፈር እየተኬደ ወይም በተናጠል ጥያቄ ይካሄዳል፤ ወሰኑ ይረጋገጣል፣ እያንዳንዱ ይዞታ ልዩ መለያ ኮድ ያገኛል። በገጠር ደግሞ ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ የአየር ፎቶ ላይ ወሰኑን እያሳየ የተመዘገበበት ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ አለ፤ መረጃውን በወረዳ ደረጃ የሚያስተዳድር አገር አቀፍ ሥርዓትም በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ተሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። እንግዲህ ካርታና ግብር እኛም ዘንድ ሊገናኙ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። የመጀመሪያው የመነሻ ልክ ነው። የአገራችን የቆዩ ካርታዎችና የቅየሳ ሥራዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መሠረት ነው። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል የሚጠቀሙት ግን ደብልዩጂኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ የልኬት መሠረት ነው። አንድ ቀያሽ በአዲንዳን የለካውን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚያመለክት ቁጥር) ሌላው ሳያስተውል ደብልዩጂኤስ ነው ብሎ ካስገባው፣ አዲስ አበባ ላይ ይዞታው ከ200 ሜትር በላይ ሸርተት ይላል። ይህ ማለት የአንዱ ሰው ግቢ ሌላ ሰፈር ውስጥ ቁጭ አለ ማለት ነው። ማስተካከያው የታወቀ ነው፣ ሶፍትዌሩ በቅጽበት ይሠራዋል። ችግሩ ፋይሉ ላይ በየትኛው እንደተለካ የጻፈ ሰው አለመኖሩ ነው። ለዚህ ነው መረጃ ስትረከቡ ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ የምለው።

ሁለተኛው የአማርኛ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቢሮዎች እስካሁን መረጃ የሚለዋወጡት ሼፕፋይል በሚባለው አሮጌ የፋይል ዓይነት ነው። በዚህ ፋይል የአንድ ዓምድ ስም ከ10 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) አይበልጥም። ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ በዩኒኮድ፣ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፉ፣ አንድ የፊደላችን ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «የባለይዞታ ስም» ብላችሁ ብትጽፉ የሚተርፋችሁ «የባለ» ብቻ ነው። ጂኦፓኬጅ የተባለው አዲሱ ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፤ እሱን መጠቀም ሲቻል በሼፕፋይል መሰቃየት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ መዝገብ ካለ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ ሲወጣ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ አስቀድሞ መቀየር አለበት።

ፍለጋውም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቧል፣ ባለጉዳይዋ «ጸሀይ» ብላ ትፈልጋለች፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ነው የሚያያቸው። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» እንዲሁ። ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ሥርዓት ይህን አያውቅም። በልክ የሚሠራ ሥርዓት ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋ ሲሆን አንድ አድርጎ ይቆጥራል፣ በመዝገቡ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳይነካ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገብቶ በሁለቱም መውጣት አለበት። ያለዚያ 2006 ሲባል የትኛው 2006 እንደሆነ ያጨቃጭቃል።

ታዲያ የተዘጋጀ ይገዛ ወይስ በልክ ይሠራ? የተዘጋጀው ቶሎ ይጀምራል፣ ድጋፍም አለው። ግን ዓመታዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ክፍያው ሲቋረጥ አገልግሎቱም ሊቋረጥ ይችላል። ነጻው ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ የሚያስከፍለው ሰው ነው። ሰርቨሩ ሌሊት ሲቆም የሚነሳለት፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቀያሽ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ቅጽ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ያስፈልጋል። በእኔ እይታ ለመካከለኛ ከተማ ነጻውን ይዞ ሁለት ጎበዝ ልጆችን በደህና ደመወዝ ማቆየት ያዋጣል። አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ ግን የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ሥርዓቱም አብሮት ይሄዳል።

ካርታ የሚሞተው ግን ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር አይደለም። በምረቃው ቀን ትክክል የነበረው ካርታ ቤት ሲሸጥ፣ ቦታ ለወራሾች ሲከፈል፣ መንገድ ሲሰፋ ካልተለወጠ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማንም የማያምነው ሥዕል ይሆናል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ስም ማዞርም ሆነ ይዞታ መክፈል በራሱ በካርታው ላይ ካልተሠራ አይጠናቀቅም ማለት። ወረቀቱ ቀድሞ ካርታው «በኋላ ይሞላል» ከተባለ አይሞላም።

ለሕዝብ የሚከፈተው የትኛው ነው የሚለውም ቀድሞ መወሰን አለበት። ወሰን፣ ፕላን፣ የአገልግሎት ዓይነት ቢታይ ጥሩ ነው፤ ደላላ ሊያታልል ሲመጣ ገዢው ራሱ ማየት ይችላል። የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ ስልክና የባንክ ዕዳ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከመጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጥያቄም ሆኗል።

ውል ሲፈረም ደግሞ አስተዳደሩ እጁ ላይ ማስቀረት ያለበት ነገር አለ። የኮዱ ሙሉ ቅጂ፣ የቋቱ ዋና የይለፍ ቃል፣ በከተማው ስም የተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ፣ መረጃውን ወደ ሌላ ሥርዓት አውጥቶ የመውሰድ መብት። እነዚህ ውሉ ውስጥ ካልተጻፉ፣ ከሠሪው ጋር ሲለያዩ ከተማው የገዛ ይዞታውን መዝገብ እየለመነ ነው የሚያገኘው።