የታለመ ድጎማ ምንድን ነው? የእማማን የጤና መድን ማን ከፈለ?

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ቤቴ መጡ። መቀነታቸውን ፈትተው በፌስታል የተጠቀለለ የጤና መድን ካርድ አወጡ። ጥግ ጥጉ ተላልጧል፣ ፎቷቸው ግን ይታያል። «ልጄ፣ ይሄን እኔ አልከፈልኩም። ማነው የከፈለልኝ? ነገ መጥተው ክፈይ ቢሉኝስ?» አሉኝ።

ማንም ክፈይ አይልዎትም አልኳቸው። ጥያቄያቸው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሐዋሳ ላይ ስንቶቻችን መልሱን እናውቃለን?

የእማማን መዋጮ የከፈለው «የታለመ ድጎማ» የሚባለው ነው። ሐረጉን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከነዳጅ ጋር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት መኪኖች በቴሌብር ሲቀዱ ያገኙት የነበረው ቅናሽ በዚሁ ስም ነበር የሚጠራው። ሐሳቡም አንድ ነው። መንግሥት ዋጋውን ለሁሉም ዝቅ ከማድረግ ይልቅ፣ በጣም የሚቸገረውን ለይቶ ለእሱ ብቻ ይከፍላል። በጤናው በኩል ደግሞ መዋጮ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ሙሉውን መንግሥት ይሸፍንለታል ማለት ነው።

የእማማ ካርድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፤ ለገበሬው፣ ለጉሊት ነጋዴዋ፣ ለቀን ሠራተኛው። ለደመወዝተኛው በ2002 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቶለታል። በዚያ አዋጅ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር የታሰበው፤ ግን ለረጅም ዓመታት ወደ ሥራ ሳይገባ ቆየ። ማኅበረሰብ አቀፉ ግን ሄደ። ከዕድርና ከዕቁብ ጋር ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሁሉም በደህናው ቀን ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። የሚመዘገበው አንድ ሰው ሳይሆን መላው ቤተሰብ ነው። እንደዚያ ባይሆን የታመመው ብቻ እየተመዘገበ ሣጥኑ ባዶ ይቀር ነበር።

ችግሩ ዕድር ውስጥም የምናውቀው ነው። ማዋጣት የማይችለውስ?

እዚህ ላይ ነው ክልሉ የሚገባው። ፕሮግራሙ ሲነደፍ ለድሃው የሚከፈለው ገንዘብ 70 በመቶው ከክልሉ፣ 30 በመቶው ከወረዳው እንዲመጣ ተደረገ። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ 1000 ብር ነው እንበል። 700ው ከክልሉ ካዝና፣ 300ው ከወረዳው ካዝና ይወጣል ማለት ነው። ፌዴራል መንግሥቱ በበኩሉ ለሁሉም አባላት የሚሆን «አጠቃላይ ድጎማ» አለው። መጀመሪያ ከመዋጮው 25 በመቶ ነበር፣ በኋላ ወደ 10 በመቶ ወረደ። የድሃው ዋና ሸክም ግን ያለው ክልልና ወረዳ ላይ ነው።

ከተማችን ሐዋሳ ይህን ለማየት የምትመች ቦታ ናት። እስከ 2012 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ ይህን በጀት የሚወስነው እዚሁ ከተማ የተቀመጠው የደቡብ ክልል ነበር። የሲዳማ ክልል ከተመሠረተ በኋላ ከተማዋ ያው ናት፣ ካዝናው ግን ሌላ ነው። «ክልል» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የፖለቲካ ቃል ነው። ለእማማ ግን የደም ግፊት ክኒን ነው።

የሚከፈልለትን ሰው የሚመርጠው ማነው? ቀበሌው ነዋሪውን ሰብስቦ ይለያል፣ ከዚያ ስሙ ወደ ወረዳ ይሄዳል። በሰነፍ እጅ ካልገባ ጥሩ አሠራር ነው፤ የሰውን ችግር ከጎረቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚከብደው ቁጥሩ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚገባው ሰው ብዛት በድህነቱ ልክ ሳይሆን በተያዘው በጀት ልክ ነው የሚቆመው። ከእማማ ሁለት ቤት አልፎ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች። ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፣ ባል የላትም። እሷ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባችም። «ጤነኛ ነሽ፣ ትሠሪያለሽ» ተባለች። መዋጮውን ለመክፈል ዕቁቧ እስኪወጣላት ትጠብቃለች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እንደ እሷ ያለው ነው። ለነፃው አልደኸየችም፣ ለክፍያው አልደረሰችም።

ሌላም ነገር አለ። ድጎማው በወረቀት ላይ መጽደቁ ብቻውን አያሳክምም። ጤና ጣቢያው አባሉን አክሞ ሒሳቡን ለመድኑ ያቀርባል። መድኑ መርምሮ ይከፍላል። ጤና ጣቢያውም በዚያ ገንዘብ መልሶ መድኃኒት ይገዛል። አሁን ክልሉ ወይም ወረዳው ድርሻውን በጊዜው አላስገባም እንበል። መድኑ ይዘገያል፣ ጤና ጣቢያው ገንዘብ ያጥረዋል፣ መደርደሪያው ይራቆታል። እማማም ካርዳቸውን ይዘው ተሰልፈው በመስኮቱ በኩል «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጪ ይግዙ» ይባላሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ይህንኑ ሰማሁ። ፋርማሲስቷ ላይ መጮህ ቀላል ነው። ልጅቷ ግን ጥፋተኛ አይደለችም። የተበጣጠሰው ገመድ ከእሷ መስኮት በጣም ርቆ ነው ያለው።

ካርዱ ሁሉንም ነገር እንደማይሸፍንም ይታወቅ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር መታከም የሉበትም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድም ያስከፍላል። ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ ጤና ጣቢያ መውለድ ግን ካርድ ኖረም አልኖረም በነፃ ነው።

የጤናው ድጎማ ብቻውን የቆመም አይደለም። ሐዋሳ በ2009 ዓ.ም. ድሃውን የከተማ ነዋሪ የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። መሥራት የሚችለው መንገድ እየጠረገ፣ ቦይ እየከፈተ ይከፈለዋል፤ ከሚያገኘውም ይቆጥባል። መሥራት የማይችለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ የታመመ ደግሞ በቀጥታ ይደገፋል። በእኔ እምነት እነዚህ ሁለቱ መዝገቦች መተያየት አለባቸው። በሴፍቲኔት «መሥራት አይችሉም» ተብለው የተመዘገቡ እናት ለጤና መድን እንደገና ድህነታቸውን ሊያስረዱ ቀበሌ ደጅ ሊጠኑ አይገባም።

ይህን ሁሉ ለእማማ አላወራሁላቸውም። «የክልሉ መንግሥትና ወረዳው ናቸው የከፈሉት፣ ከሕዝብ ግብር ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ የዚያች የቆሎ ሻጯም ገንዘብ አለበት?» አሉኝ። ከሸማች ላይ የሚቆረጠውን ቀረጥ እሷም ትከፍላለች፣ አለበት አልኳቸው።

ዝም አሉ። ካርዱን ተቀብዬ የሚታደስበትን ቀን ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸውና ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። መቀነታቸውን እያሰሩ፣ «የሷንስ ማን ይጽፍላታል?» ብለው ወጡ።